ስለ ሐዋሳ የትራንስፖርት ዕቅድ ለቀረበው ጥያቄ፦ ሳይሳፈር የቀረውም ይቆጠር

እህታችን ከሐዋሳ ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ከተማዋ በፍጥነት እየሰፋች ነው፤ ባጃጁም ሚኒባሱም በዝቷል፤ በእጃቸው ያለው መረጃ ግን ፈቃድ ያወጡ ተሽከርካሪዎች ዝርዝር ብቻ ነው። አዲስ የአውቶቡስ መስመር ለመዘርጋት ምን መረጃ ይሰብስቡ? ያለችውን ትንሽ በጀት ሶፍትዌር ይግዙባት ወይስ ከቴሌኮም የስልክ መረጃ ለማግኘት ይሞክሩ?

አዲስ አበባ ውስጥ በተሳፋሪ ቆጠራና በጉዞ ጥናት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ግማሹን ጊዜ ፌርማታ ላይ ቆሜ፣ ግማሹን ደግሞ ሌሎች ሞልተው ያመጡትን ቅጽ ሳጠራ ነው ያሳለፍኩት። ምክሬን ካስቀደምኩ፣ በጀቱን ለሰው ያውሉት። ቅጽና እርሳስ ይዘው ጠዋትና ማታ የሚቆሙ፣ የቀን አበላቸው በወቅቱ የሚከፈላቸው ወጣቶች ይቅጠሩ። ሶፍትዌሩ አይሸሽም።

የተሽከርካሪ ዝርዝሩ የሚነግርዎ ማን ፈቃድ እንዳወጣ ብቻ ነው። ፈቃድ ያለው መኪና ሁሉ ጠዋት መስመር ላይ አይገኝም። አንዱ ጋራዥ ነው፣ አንዱ የሠራተኛ ሰርቪስ ሆኗል፣ አንዱ ለሠርግ ተከራይቷል፣ ሌላው ነዳጅ ማደያ ተሰልፏል። ስለዚህ በወረቀት የተመደበውንና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በትክክል የሚሠራውን ለየብቻ ይያዙ። ብዙ ሰው እስከዚህ ድረስ ይስማማል። ችግሩ ቀጥሎ ነው፤ መኪናውን ትተን የተሳፈረውን ሰው ብንቆጥርም ቁጥሩ ሊያሳስተን ይችላል።

በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ወደ መገናኛ በሚወስድ መስመር ላይ ያየሁትን ልንገርዎ። ጠዋት ሚኒባሶቹ ከመነሻቸው ጢም ብለው ሞልተው ይወጣሉ። መሃል ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው እጁን ቢዘረጋም ረዳቱ በመስኮት ጣቱን ነቅንቆ ያልፋል። ሰዉ ምን ያደርጋል? መንገዱን ይሻገርና ባዶውን ወደ መነሻው በሚመለስ መኪና ይሳፈራል። መነሻው ሲደርስ ከመቀመጫው አይነሣም፤ ሂሳቡን እንደገና ከፍሎ ቅድም ቆሞበት በነበረው ፌርማታ በኩል አልፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ ሰው በቆጠራ ቅጹ ላይ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ መጀመሪያ ጠዋት ወደ ከተማዋ ዳር የሚጓዝ ተሳፋሪ ሆኖ፣ ቀጥሎ ከመነሻው የተነሣ ተሳፋሪ ሆኖ። ቅጹ ተደምሮ ቢሮ ሲደርስ መሃል ፌርማታው «አነስተኛ ፍላጎት» የሚል ምልክት ያገኛል፤ መነሻው «ከፍተኛ ፍላጎት» ይባላል፤ ተጨማሪ መኪና የሚመደበውም ለመነሻው ይሆናል። ያ ሰው በበነጋውም መንገዱን ይሻገራል። መደመሩ ላይ ስህተት የለም፤ ቆጣሪውም አልዋሸም።

ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፌርማታ ላይ የቆመው ቆጣሪ የሚሳፈረውን ብቻ አይቁጠር። በየ15 ደቂቃው ሰልፉ ላይ ስንት ሰው እንደቀረ፣ ስንት መኪና ሳይቆም እንዳለፈ፣ ስንት ሰው ተስፋ ቆርጦ በእግሩ እንደሄደ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ተሳፋሪ ሲጠየቅ «የት ይወርዳሉ?» አይባል። «ከቤትዎ ስንት ሰዓት ወጡ? የመጨረሻ መድረሻዎ የት ነው? እዚያ እስኪደርሱ ስንት ጊዜ ሂሳብ ይከፍላሉ?» ይባል። ሦስተኛዋን ጥያቄ አትናቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ሹፌሮች መንገድ ያቆራርጣሉ፤ ታፔላው እስከ መጨረሻው የሚል መኪና ግማሽ ላይ «እዚህ ድረስ ነው» ይልና ያወርዳል፣ ተሳፋሪውም ለቀሪው መንገድ ሌላ ይከፍላል። በተራ ቆጠራ ይህ ሁለት ጉዞ ነው፤ ለከፋዩ ግን አንድ የተሰበረ ጉዞ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መስመር ቢነድፉ፣ የአውቶቡሱ መስመር ሰዉ ተገዶ የሚወርድበት ቦታ ላይ ያበቃል።

የናይሮቢን ልምድ ቢያዩት አይከፋም። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካዎቹ ኤም.አይ.ቲ. እና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ስልክ አስይዞ ማታቱ ላይ አሳፈረ፤ ማታቱ የእነሱ ሚኒባስ ነው። ተማሪዎቹ መኪናው የሄደበትን መንገድና የቆመበትን ቦታ ሁሉ መዘገቡ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ከ130 በላይ መስመሮችን የያዘ ካርታ ወጣ፤ መረጃውም ማንም እንዲጠቀምበት ተለቀቀ። ማታቱ የጊዜ ሰሌዳ የለውም። በዓለም ዙሪያ የመስመርና የፌርማታ መረጃ ኮምፒውተር ላይ የሚሰፍርበት የጋራ ቅርጽ ደግሞ ሰዓት የሚጠብቅ አውቶቡስ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ማስተካከል ነበረባቸው። ለሐዋሳም ይኸው ይሠራል፤ አንድ ወጣት፣ አንድ ስልክ፣ የተሳፋሪ ሂሳብ። ይህ ግን መኪናው የት እንደሚሄድ እንጂ ሰዉ የት መሄድ እንደሚፈልግ አይነግርዎትም። ካርታውን ሠርተው ዕቅዱ ያለቀ የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።

የቴሌኮሙን መረጃ በተመለከተ ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ ጨርሰውም አይናቁት። ኮትዲቯር ውስጥ ኦሬንጅ የተባለው የስልክ ኩባንያ ስም የተሰወረለት የጥሪ መዝገብ ለተመራማሪዎች ሰጥቶ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ተመራማሪዎች በእሱ ተመርኩዘው የአቢጃንን አውቶቡስ መስመሮች አጠኑ፤ ጥቂት መስመሮች ቢስተካከሉ የጉዞ ጊዜ በ10 በመቶ ገደማ ሊቀንስ ይችላል አሉ። ትልቅ ነገር ነው፤ የኮምፒውተር ስሌት መሆኑ ግን አይረሳ። የጥሪ መዝገብ ሰውየው በየትኛው የስልክ ማማ ሥር እንደነበረ ይናገራል እንጂ በባጃጅ ይሁን በእግሩ እንደሄደ አይናገርም። ስልክ የሌለው ተማሪና ስልክ የምትዋስ የቤት ሠራተኛ ደግሞ ጭራሽ የሉበትም። በትልቅ ከተማ ሰፈርን ከሰፈር ለማነጻጸር ይጠቅማል። ማማ በተራራቀበት፣ ጉዞውም አጭር በሆነበት ከተማ ግን ብዙ ጉዞ ከአንድ ማማ ሥር ሳይወጣ ያልቃል።

ከዚያ ይልቅ ሐዋሳ ውስጥ ደጅዎ ላይ ያለ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ መረጃ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ተመረቀ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ በፈረቃ ገብተው በፈረቃ ይወጣሉ። የፈረቃ ሰዓቱ፣ በየፈረቃው የሚገባው ሰው ብዛት፣ ሠራተኞቹ ቤት ተከራይተው የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በፋብሪካዎቹ የሰው ኃይል ክፍል መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ስም አይጠይቁ፤ ሰፈርና ፈረቃ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በር ላይ ሁለት ቆጣሪ አቁመው ስንቷ በሰርቪስ፣ ስንቷ በባጃጅ፣ ስንቷ በእግሯ እንደምትሄድ ይለዩ። የማታው ፈረቃ ሲወጣ ራስዎ ቢገኙ ይመረጣል። በጨለማ ተጠባብቀው አራትም አምስትም ሆነው የሚሄዱትን ቅጹ «እግረኛ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ወደው ነው ወይስ የሚሳፈሩበት አጥተው የሚለውን የሚያውቀው የጠየቀ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲውና የሪፈራል ሆስፒታሉ መግቢያና መውጫም እንደዚሁ ይታይ።

እግረኛን ካነሣን፣ በየከተሞቻችን አብዛኛው ጉዞ በእግር መሆኑን ዕቅድ አውጪው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ በቅጹ ላይ ግን ዓምድ አያበጅለትም። የትራፊክ ፖሊስን የአደጋ መዝገብ ለምነውም ቢሆን ያግኙ፤ ቦታዎቹን በካርታ ላይ በነጥብ ሲያስቀምጡ ሰው መንገድ የሚሻገርበት የት እንደሆነ ያለ ቆጠራ ይታያል። መዝገቡ ላይ ቦታው «አስፋልት ዳር» ተብሎ ከተጻፈ ግን አምላክ ይርዳዎት።

ስለ ባጃጅ። ባጃጅ ቋሚ መስመሩን ትቶ ስለሚዞር ፌርማታ ላይ ብቻ ቆመው አይጨርሱትም። ከተማዋን የሚከፍሉ ጥቂት ማለፊያዎች ይምረጡ፤ አደባባይ፣ ድልድይ፣ ሁሉም የግድ የሚያልፍበት መንገድ። እዚያ የሚያልፈውን ባጃጅና የጫነውን ሰው ይቁጠሩ፤ ኮንትራት የያዘውንና በሰው የሚጭነውን መለየት ከተቻለ ደግሞ ግሩም ነው።

ቀን ሲመርጡ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይሻላሉ፤ የገበያ ቀን ከሆነ ግን ለብቻው ይያዝ። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል ሰሞን፣ በፍቼ ጨምባላላ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት የተቆጠረን ቁጥር ለመደበኛ ቀን አይጠቀሙበት። እነዚያን ቀናት ለበዓል ትራንስፖርት ዕቅድ ለብቻ መቁጠር ይችላሉ፤ ሐዋሳ ለዚያም ዕቅድ ያስፈልጋታል።

የሕዝብ ብዛቱ ራሱ ራስ ምታት ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። በእሱ ላይ በየዓመቱ የተወሰነ መቶኛ እየጨመሩ መሄድ የከተማዋን ድምር ምናልባት ያቀራርብ ይሆናል፤ ዕድገቱ በየትኛው ሰፈር እንደሆነ ግን አያሳይም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ምዝገባና አዲስ የገቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎችን በየቀበሌው ካዩ የትኛው ጫፍ እንደፈጠነ ይገባዎታል።

አንድ የማይዘለል ነገር አለ። ተራ አስከባሪዎችን፣ ሹፌሮችንና የባጃጅ ማኅበራትን ሳያነጋግሩ ቆጣሪ አያሰማሩ። ቅጽ የያዘ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት ግብርን ነው፤ ሁለተኛ ቅጣትን። አንድ መናኸሪያ ላይ ቆጣሪዎቻችን በቆሙ ቀን መኪኖቹ ሁሉ በድንገት ሕግ አክባሪ ሆነው፣ ትርፍ ሳይጭኑ፣ እስከ ታፔላቸው መጨረሻ ሄዱ። ተሳፋሪው ደስ አለው፤ የእኛ ቅጽ ግን ለምንም አልሆነም። ቀድመው ሲያስረዷቸውና ውጤቱን እንደሚያሳዩአቸው ቃል ሲገቡ፣ የትኛው ፌርማታ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጨናነቅ ከቅጹ በፊት ራሳቸው ይነግሩዎታል። ቃልዎን ግን ይጠብቁ፤ ለሁለተኛው ዙር ይፈልጓቸዋልና።

ለዚህ ሁሉ ኤክሴል ይበቃል። አሁን ደግሞ እኔ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ አዲሶቹን አውቶቡሶች የሚያሠራቸው ከተማ አስተዳደሩ ነው ወይስ ማኅበር? ትኬት የሚቆርጥ አውቶቡስ ከሆነ የትኬቱ ጉርድ ራሱ መረጃ ስለሚሆን ቅጹ ያጥራል። እሱን ካሳወቁኝ የምንሠራበትን ቅጽ ለባጃጅ በሚሆን መልኩ አስተካክዬ እልክልዎታለሁ።