ቅጥቅጡን መኖሪያ ቤት ከማድረጋችን በፊት ምን እናስተካክል?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ባለቤቴ የቡና መፈልፈያ ማሽን መካኒክ ነው። ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ከአጋሮና ከጌራ እስከ ቦንጋ ድረስ ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞር ይከርማል፤ እኛ ደግሞ ጅማ በኪራይ ቤት እንጠብቀዋለን። ዘንድሮ አንድ ያገለገለ ቅጥቅጥ አይሱዙ ገዛን። ወንበሮቹን አስነቅለን፣ የኪራይ ቤቱን ለቅቀን፣ ሙሉ በሙሉ መኪናው ውስጥ ለመኖር ተስማምተናል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። 7ኛ ክፍል የምትማር ሴት ልጅና የ3ኛ ክፍል ተማሪ ወንድ ልጅ አሉን፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ባለቤቴ ጣሪያው ላይ የ1,000 ሊትር ሮቶ ሊያስር፣ የኤሌክትሪኩንም ነገር በሶላር ሊጨርስ አስቧል። ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ምን ማስተካከል አለብን? የልጆቹስ ትምህርት እንዴት ይሁን?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ አስቀድሜ የማነሣው የልጆቹን ትምህርት ነው፤ የመኪናው ጉዳይ በገንዘብና በጋራዥ ሊፈታ ይችላል፣ ይህኛው ግን የእናንተን ውሳኔ ይጠብቃል። የቡናው ወቅት የሚውለው በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ በሚሆኑበት ጊዜ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በክረምት፣ የመፈልፈያው ሥራ በሌለበት ወራት ነው። ስለዚህ መኪናው ከጣቢያ ጣቢያ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ፤ ሴት ልጅዎን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቃታል። ከጅማ ወደ ቦንጋ መሄድ ከክልል ወደ ክልል መሻገር መሆኑንም አትርሱ። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ስለሆነች፣ ክልላዊውን ፈተና የሚያዘጋጀው አካል ሌላ ነው።

የእኔ ሐሳብ በትምህርት ዓመቱ መኪናው አጋሮ እንዲቆምና ልጆቹም እዚያው እንዲመዘገቡ ነው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ክልሉ ያው ነው፤ ባለቤትዎ በአካባቢው ወዳሉት ጣቢያዎች እየተመላለሱ ማታ ከቤተሰባቸው ጋር ያድራሉ፣ ወደ ቦንጋ ሲጠሩ ግን በሕዝብ ማመላለሻ ብቻቸውን ይሂዱ። ይህ የመኪናውን እንቅስቃሴ ይገድባል፤ ሆኖም ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት የምትፈልጉት አብሮ ማደርን እንጂ መንከራተትን አይደለም። የልጆቹን መሸኛ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ በሰኔ ውሰዱ።

ወደ መኪናው ስንመጣ፣ ባለቤትዎ ሮቶ ጣሪያ ላይ የማሰሩን ሐሳብ እንዲተዉት አጥብቄ እለምናለሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን የሞላ የ1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቶን ነው፤ ይህ ክብደት ፖርቶ መጋላው ላይ ሲወጣ መኪናው ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀለዋል፣ ሮቶው ሲጎድል ደግሞ ውሃው ወዲያና ወዲህ እየተላተመ አደጋውን ያብሰዋል። የጊቤን ቁልቁለት በእንዲህ ያለ ጭነት መውረድ አይታሰብም። አምስት ሰው በቁጠባ በቀን 100 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ሦስት ባለ 100 ሊትር ታንከሮች ከአልጋው ሥር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል፣ ከሻንሲው ጋር ጠብቀው ቢታሰሩ ለሦስት ቀን ያደርሳችኋል። በለቀማ ወራት ግን ከመፈልፈያ ጣቢያ በታች ካለ ወንዝ ውሃ አትቅዱ፤ የእሸት ቡናው እጣቢ ወደዚያ ይወርዳል።

ወንበሮቹ ስለተነሡ መኪናው የፈለጋችሁትን የሚሸከም አይምሰላችሁ፤ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ቁም ሣጥን ግን አይወርድም። ዕቃውን በቺፑድ ሳይሆን በስስ ኮምፔንሳቶ አሠሩት፤ ቺፑድ ከመክበዱም በላይ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል። ሥራው ሲያልቅ ሙሉ ዕቃና ውሃ ጭናችሁ፣ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ አስመዝኑና ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የመጫን አቅም ጋር አስተያዩ።

400 ዋት ሶላር ፀሐይ በጠገበ ቀን ከ1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ ማቀዝቀዣ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ የአንድ ሰዓት ጋገራ የሁለት ቀን ፀሐይ ይጨርሳል። እንጀራውን ገዝታችሁ ወይም ዘመድ ቤት ጋግራችሁ መያዝ ይሻላል፤ የስፌት ማሽንዎም በእግር የሚረገጠው ቢሆን ከዚህ ሁሉ ስሌት ያወጣዎታል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው። ከሰል በምንም ምክንያት መኪናው ውስጥ አይግባ፤ ለቡናም ቢሆን፣ ብርድ ለማባረርም ቢሆን፣ የጠፋ መስሎ የረመጠም ቢሆን። ከእሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይገድለዋል፤ ቡናው በር ላይ፣ ሸራ ሥር ይፈላ። የምግብ ማብሰያው ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ከመኝታው የተለየ፣ ከታች ወደ ውጭ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ይሠራለት።

ቀጥሎ የሚያስቸግራችሁ እርጥበት ነው። ጅማ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ ስለማይለያት፣ የአምስት ሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ላሜራው ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ፍራሹም ከሥሩ ይሻግታል። አልጋዎቹ ርብራብ ይሁኑ፤ ጣሪያው ላይም ዝናብ የማያስገባ የአየር መውጫ ይከፈት። መስኮቶቹ ላይ ወንፊት፣ አልጋዎቹ ላይ አጎበር ይኑር፤ በጊቤ ዙሪያ ያለው ቆላ የወባ አካባቢ ነው።

የመኪናው የአገልግሎት ዓይነት ስለሚለወጥ፣ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት የትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቁ፤ በኋላ ሊብሬው ሳይስተካከል ቦሎ ቢከለከል ገንዘባችሁ ፈሰሰ ማለት ነው። ለኢንሹራንሱም መኖሪያ መሆኑን በጽሑፍ አሳውቁ። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው ቀበቶ ያለው ወንበር ያስፈልጋል፣ አልጋ ላይ ማንም አይተኛ።

አማትዎን ልጃቸው በሌሉበት ብቻቸውን ይጠይቋቸው፤ እናት ልጇ ፊት እሺ ማለት ልማዷ ነው። ከተስማሙ የታችኛው አልጋ የእሳቸው ይሁን፤ በሩ ላይም ዝቅ ያለ መወጣጫና የእጅ መያዣ ይበየድ።

ሥራው እስከ ሰኔ ካለቀ፣ ኪራዩን እየከፈላችሁ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁማችሁ ሐምሌን በሙሉ እዚያው እደሩበት፣ አብስሉበት፣ ልብስ አድርቁበት። ጣሪያው የሚያፈስበትን፣ ውሃው የሚያልቅበትንና አማትዎ የሚቸገሩበትን ቦታ በዚያ ዝናብ ለይታችሁ ካስተካከላችሁ፣ በነሐሴ መጨረሻ የቤቱን ቁልፍ ለአከራዩ መልሱ።