መልስ፦ ከጄኔሬተር ጩኸት ስልክ ቻርጅ ይደረጋል ወይ?

ወንድሜ፣ ከድምፅ ኤሌክትሪክ ማውጣት ይቻላል፤ ስልክ ቻርጅ ማድረጉን ግን እርሳው። «ያ ሁሉ ጩኸት በከንቱ ይባክናል» ያልከው ልክ ይመስላል፤ ግን ጆሯችን በጣም ንቁ ስለሆነ ነው እንጂ ድምፅ ውስጥ ያለው ኃይል ትንሽ ነው። ጆሮ የሚያደነቁር 100 ዴሲቤል በአንድ ካሬ ሜትር 0.01 ዋት ብቻ ነው። መዳፍ በሚያህል 100 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 0.1 ሚሊዋት ይደርስሃል፣ ያውም ምንም ሳይባክን። ቻርጀር ደግሞ 5 ዋት ይፈልጋል፤ 50,000 እጥፍ!

ድምፁን የሚያጎላልን ሬዞናተር የሚባለው ዕቃ ምን ይሠራል? ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፋ «ቡ» የሚለው ነገር ነው። አንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ ሆዱ ውስጥ ያለው እንደ ስፕሪንግ ሆነው በአንድ ድምፅ ላይ አብረው ይወዛወዛሉ፤ በዚያች ድምፅ ላይ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጪው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከዚያች ካለፈ ግን ምንም። ስለዚህ ከታክሲ ተራ ጫጫታ ይልቅ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያሰማው ጄኔሬተርህ ይሻላል። ውሃ እየጨመርክ ድምፁን ማቅጠን ትችላለህ።

ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ፒዬዞ (ሲርገበገብ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ነገር) ከተበላሸ የሚጮህ መጫወቻ ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ያቺ ክብ የናስ ሳህን። የጠርሙሱን ቂጥ ቆርጠህ በእሷ ድፈነው (ያኔ ውሃውን ተወው)፣ ከዚያ አራት ሾትኪ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ቮልቴጅ ብዙ የማይበላ) እና አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም) ታገናኛለህ። ተራ ዳዮድ አታድርግ፣ ያገኘሃትን ትንሽ ቮልቴጅ ራሱ ይበላታል። ካፓሲተሩ ቀስ እያለ ሲሞላ ኤልኢዲ (ትንሿን መብራት) ብልጭ ታደርጋለህ።

ስልኩን ከጄኔሬተሩ ሶኬት ላይ ሰካው እንጂ!