መዱዛ መቁጠር እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። መዱዛ ማለት ጄሊፊሽ ናት፤ አጥንት የሌላት፣ ልፍስፍስ የባሕር እንስሳ። በእስራኤል የባሕር ዳር ከተማ የአሽቀሎን ልጅ ነሽ፤ የባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ማስተርስሽን በመዱዛና በመሰሎቿ ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ፤ በየወቅቱ ምን ያህል እንደሚበዙና በምን ፍጥነት እንደሚያድጉ። እናትሽ ደግሞ «ይሄ እንጀራ አይሆንሽም፣ ነርስነት ይሻልሻል» ብለውሻል።

እህቴ፣ የእናትሽን ስጋት አታጣጥዪው። ግን መልሱ እዚያው ሰፈራችሁ አለ። የአሽቀሎን የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነው። ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው የባሕር ውሃ ማጣሪያም የሚስበው ከዚያው ባሕር ነው። በበጋ መዱዛው በመንጋ ሲመጣ የውሃ መግቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። መቼና ምን ያህል እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚናገር ሰው ይፈለጋል። ለእናትሽ ከዚህ ጀምሪላቸው።

ዋናዋ መዱዛ ሮፒሌማ ኖማዲካ በስዊዝ ካናል በኩል ገብታ በሜዲትራኒያን የታየችው በ1970ዎቹ ነው። ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው ግን ገና በ1990 ነው። ዘርፉ ወጣት ነው፤ ለአዲስ ሰው ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል።

መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም። መዱዛ ከመቶ 95 እጅ በላይ ውሃ ናት። መቶ ኪሎ መዱዛ ከመቶ ኪሎ ዓሣ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ካርቦኗን፣ ዕድገቷን፣ የምትበላውን ጭምር ትለኪያለሽ። በጥቁር ባሕር የሆነውን አንብቢ። ኔሚዮፕሲስ የምትባል መሰሏ መርከብ ሚዛኑን ለመጠበቅ በሆዱ በሚይዘው ውሃ ተጭና በ1980ዎቹ ገባች። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ የአንቾቪ ዓሣ ምርት ወደቀ። ከልክ ያለፈ ዓሣ ማጥመድም እጁ አለበት። የሁለቱን ድርሻ ለመለየት ዓመት ከዓመት የተለካ መረጃ ያስፈልጋል።

ሥራው ደግሞ እጅ ያርሳል። ኔሚዮፕሲስን የመሰሉት በጣም ስስ ናቸው። መረቡ ቶሎ ከተጎተተ ይበጣጠሳሉ፤ ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ፎርማሊን ውስጥ ከገቡም ይሟሟሉ። ስለዚህ ከነሕይወታቸው፣ ጀልባው ላይ፣ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብለሽ ነው የምትቆጥሪው። ጀልባው እየተወዛወዘ! ባሕር የሚያጥወለውልሽ ከሆነ አሁኑኑ ብታውቂው ይሻላል።

ሥራ ፍለጋ ስትወጪ «የመዱዛ ባለሙያ ነኝ» አትበዪ። የሥራውን በር ራስሽ ታጠብቢዋለሽ። የባሕር ናሙና መሰብሰብ፣ በመረቡ ያለፈውን ውሃ መጠን ማስላት፣ ለዓመታት የተሰበሰበ ቁጥር በኮምፒውተር መተንተን እችላለሁ በዪ። ማጣሪያውም፣ የዓሣ እርባታውም፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱም የሚገባው ይሄኛው ነው። ስታቲስቲክስን ከጨከንሽበት ሌላው ይከተላል።

የሃይፋ ዩኒቨርሲቲንም፣ የሩፒን ኮሌጅን የባሕር ትምህርት ቤትም እዪ። አማካሪ ስትመርጪ ከስሙ በፊት መረጃውን ጠይቂ። የስንት ዓመት ቆጠራ አለው? በወር ስንት ጊዜ ባሕር ይወጣል? በአንድ በጋ ናሙና ስለ ወቅት መናገር አይቻልም። አንድ ዓመት መዱዛው ይጎርፋል፤ በሌላው ይጠፋል።

በዚህ ሳምንት ለአንድ ላብራቶሪ ኢሜይል ላኪና ለአንድ ቀን ይዘውሽ እንዲወጡ ለምኚ። በጁላይ ሁሉም መሄድ ይፈልጋል። አንቺ የጃንዋሪውን ጠይቂ፤ ያን ጊዜ ጀልባው ላይ ቦታ አይጠፋም፣ በብርዱ የተጻፈች ዜሮም ለጥናቱ የጁላይን ያህል ታስፈልጋለች።