ሊኑክስ ጫንኩ፣ ዋይፋዩ ጠፋ

ጥያቄ፦ አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስን አጥፍቼ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩ። ፍጥነቱ ደስ ይላል፤ ዋይፋይ የሚባል ነገር ግን የለም። የሰፈራችን ጠጋኝ «ካርዱ ተቃጥሏል፣ ቀይረው» አለኝ። ወደ ዊንዶውስ ልመለስ?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ካርድ ለመግዛት አትቸኩል። እስከ ትናንት ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ የነበረ ካርድ ሊኑክስ በተጫነ ማግስት ተቃጠለ ሲሉህ ተጠራጠር። የጎደለህ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ይመስለኛል። እንዲህ ሆነው እጄ የሚገቡ አሮጌ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ የብሮድኮም ቺፕ ያላቸው ናቸው። የኢንቴል ካርድ ብዙም ጣጣ የለውም። የብሮድኮም ድራይቨር ግን ኮዱ ዝግ ስለሆነ ራስህ ነህ የምትጭነው።

የሚያናድደው፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ትፈልጋለህ፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩን። መውጫው ስልክህ ነው። አንድሮይድህን በቻርጀሩ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካና ከሴቲንግ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ የሚያካፍለውን) አብራ። ሆትስፖት እንዳትል፤ እሱ ራሱ ዋይፋይ ይፈልጋል። ስልኩ ከቤት ዋይፋይ ጋር ከተገናኘ ዳታህም አይነካም። ከዚያ ሜኑው ውስጥ ድራይቨር ማኔጀርን ክፈት፣ የብሮድኮሙን ምረጥ፣ ጫነው፣ ሪስታርት አድርግ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሴኪዩር ቡት (ላፕቶፑ ሲነሳ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር የሚከለክለው ጥበቃ) በርቶ ከሆነ ሲጫን አንድ ፓስወርድ አውጣ ይልሃል። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ዊንዶውስ የለመደ ሰው ሰማያዊ ሲያይ «አለቀልኝ» ብሎ ያጠፋዋል። አንተ አትደንግጥ። ኢንሮል ሞክ (Enroll MOK) የሚለውን መርጠህ ያንኑ ፓስወርድ አስገባ። ዘለኸው ካለፍክ ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ዘልዬው ግማሽ ቀን በልቶብኛል።

ልመለስ ወይ ላልከው፣ እንጀራህ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ወይም ፎቶሾፕ ከሆነ አዎ፣ ተመለስ። ለጽሑፍ፣ ለፊልምና ለኢንተርኔት ከሆነ ግን እዚያው ቆይ። እስቲ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽህን ሰካው። ዊንዶውስ ላይ ሾርትከት ቫይረስ የደበቃቸው ፎልደሮች እዚህ እንዳሉ ቁጭ ብለው ታገኛቸዋለህ። ፋይልህን ኮፒ ታደርጋለህ፣ ሾርትከቶቹን ትሰርዛለህ፣ አለቀ። ለዚህ ብለው ሱቄ የሚመጡ ደንበኞች ስላሉኝ፣ ይህን ለጎረቤቶችህ ባትነግራቸው ደስ ይለኛል።