የኤልኤልኤም ዓመት በአሜሪካ፦ ከሕግ ባለሙያዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

በነሐሴ አሜሪካ ገብተው ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ ዲግሪ) ለሚጀምሩ የሕግ ባለሙያዎች ዓመቱ ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። የደረሱን አብዛኞቹ ጥያቄዎች «እዚያ ስደርስ አስተካክለዋለሁ» የሚል ሐሳብ አለባቸው። የሚስተካከለው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው የሚወሰነው አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሳሉ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖችና ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ኤልኤልኤም ከጨረስኩ በኋላ የኒውዮርክ ባር ፈተና መቀመጥ እፈልጋለሁ። የትኛውም ትምህርት ቤት፣ የትኛውም ኮርስ ይሆናል?» ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ

አይሆንም፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ዓመቱን ካጠናቀቀ በኋላ ነው የሚደነግጠው።

በኒውዮርክ የውጭ አገር ሕግ ምሩቃን ለባር ፈተና፣ ማለትም ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና፣ የሚመዘኑት በደንብ 520.6 ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዎ በሁለት ነገር ይታያል፦ የትምህርቱ ርዝመት በቂ ነው ወይ? የተማሩት ሕግ መሠረቱ የእንግሊዝ ኮመን ሎው (በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የተገነባ ሕግ) ነው ወይ? በርዝመት በኩል የአምስት ዓመቱ ኤልኤልቢ አያሳስብም። ችግሩ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ረቂቅ የፈረንሳዊው የሬኔ ዳቪድ ሥራ ነው፤ ሥርዓቱ የአህጉራዊው አውሮፓ ቤተሰብ ነው። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ መሆኑ ብቻውን ኮመን ሎው አያደርገውም። ኤልኤልኤሙ ይህን ጉድለት ይሞላል። ልብ ይበሉ፦ ደንቡ እንዲሞላ የሚፈቅደው ከሁለቱ አንዱን ጉድለት ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ይዘቱም የጎደለበት ሰው በኤልኤልኤም አይድንም።

ኤልኤልኤሙ ራሱ እነዚህን ማሟላት አለበት። ትምህርት ቤቱ በአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር (ኤቢኤ) የጸደቀ ይሁን። ትምህርቱ ቢያንስ 24 ክሬዲት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 13 ሳምንት የሆኑ ሁለት ሴሚስተሮች፣ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ በ24 ወር ውስጥ የሚያልቅ ይሁን። ከ24ቱ ውስጥ 2 ክሬዲት የሙያ ሥነ ምግባር፣ 2 ክሬዲት የሕግ ምርምርና ጽሑፍ፣ 2 ክሬዲት የአሜሪካን የሕግ ሥርዓት የሚያስተዋውቅ ኮርስ፣ 6 ክሬዲት ደግሞ በባር ፈተናው ላይ ከሚጠየቁ የሕግ ዘርፎች መሆን አለበት። ክሊኒክ (በእውነተኛ ጉዳይ ላይ እየሠሩ የሚማሩበት ኮርስ) ከወሰዱ የሚቆጠርልዎት እስከ 4 ክሬዲት ነው። ኦንላይን ኮርስ አይምረጡ።

ሲደመር 12 ክሬዲት በግዴታ ተያዘ፤ 12 ይቀርዎታል ማለት ነው። ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። በታክስ ወይም በሰብዓዊ መብት ልዩ ኤልኤልኤም ከገቡ የፕሮግራሙ የራሱ ግዴታ ኮርሶች የቀረውን ይበሉታል፤ የባሩ 12 ክሬዲት ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መሄዱን ቅበላውን ከመቀበልዎ በፊት በኢሜይል ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይያዙ። ሌላው ስህተት ውል ማርቀቅን የሚያስተምር ኮርስ ወስዶ «የጽሑፍ ኮርስ ጨረስኩ» ማለት ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ለምርምርና ጽሑፉ የሚቆጠረው የትኛው እንደሆነ የትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር በዝርዝር ያውቀዋል። ኮርስ የመቀየሪያው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ጥያቄው ሐምሌ ላይ ይቅደም።

ፈተናውን ለሚሰጠው የባር ቦርድ የሚቀርበው የቅድሚያ ምዘና (የውጭ ዲግሪዎ ለፈተናው ብቁ መሆኑ የሚታይበት) ደግሞ ከዚህም ይቀድማል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎ ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ ለቦርዱ እንዲልክ ይጠየቃል፤ በአገርዎ ለጥብቅና የሚያበቃውን ትምህርት ማሟላትዎን የሚያሳይ ማስረጃም ያስፈልጋል። የሚፈርመው ሰው ያለው ኢትዮጵያ ነው፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ይጨርሱት። ለማመልከቻው የውጭ ምሩቅ የሚከፍለው 750 ዶላር ነው። ፈተናው የሁለት ቀን ነው፤ 200 ምርጫ ጥያቄ፣ 6 የጽሑፍ ጥያቄና 2 የተግባር ሥራ አለው፤ ማለፊያው ከ400 ነጥብ 266ቱ ነው። ካለፉ በኋላ በጠበቃነት ለመመዝገብ የሙያ ሥነ ምግባር ፈተናውን (ማለፊያው 85)፣ የኒውዮርክ ሕግ ኦንላይን ኮርስና ፈተና፣ የ50 ሰዓት ነጻ የሕግ አገልግሎትም ይጠየቃሉ። 50 ሰዓቱ ኤልኤልኤም ከመጀመርዎ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የሠሩትንም ይጨምራል፤ በአገር ውስጥ ነጻ የሕግ ድጋፍ ከሰጡ ሰዓቱን፣ የሥራውን ዓይነትና የተቆጣጣሪዎን ፊርማ አሁኑኑ ያስመዝግቡ።

ካሊፎርኒያ ሌላ መንገድ አለው። በአገሩ የጥብቅና ፈቃድ ያለውና በመልካም አቋም ላይ የሚገኝ ጠበቃ ያለ ኤልኤልኤም ለፈተናው መቀመጥ ይችላል። ፈተናው ግን ከባድ ነው፤ ያለ አሜሪካ የሕግ ትምህርት ብቻውን የሚዘጋጅ ሰው በጣም ይቸገራል።

«ኤልሳክ ትራንስክሪፕቴን መልሶ መለሰብኝ። ምን አጠፋሁ?» ዐቃቤ ሕግ፣ ከጎንደር

ኤልሳክ የሕግ ትምህርት ቤት አመልካቾችን ሰነድ ተቀብሎ ለትምህርት ቤቶች የሚያስተላልፍ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ሰነድ የሚመልስበት በጣም የተለመደው ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፖስታውን ተማሪው ራሱ ከፍቶ፣ አይቶ፣ እንደገና አሽጎ ይልካል። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ማለት በሬጅስትራሩ ታሽጎ፣ በፖስታው መዝጊያ ላይ ማኅተምና ፊርማ አርፎበት፣ ሳይከፈት የደረሰ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከኤልሳክ አካውንትዎ የሚያትሙት የትራንስክሪፕት መጠየቂያ ቅጽ አብሮ አይላክም። ቅጹ ከሌለ ሰነዱ ከየትኛው ፋይል ጋር እንደሚያያዝ አይታወቅም።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁና የወጪ መጋራት ዕዳዎ ካልተዘጋ ሬጅስትራሩ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት አይሰጥዎትም። ዕዳውን ዘግቶ ደብዳቤውን ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚዘጉት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለሆነ ሥራውን መስከረም ላይ ይጀምሩ። ሁለት ሦስት ቅጂ አብረው ይጠይቁ፤ አንዱ ለባር ቦርዱ ይሆናል።

«በዲግሪዬ ላይ ስሜና የአባቴ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ፓስፖርቱ የአያቴንም ይዟል። ፊደሉም ይለያያል።» ከድሬዳዋ

ፓስፖርቱ ላይ ያለው ይገዛል። በሁሉም ቅጽ፣ በቶፍል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) ምዝገባ ሳይቀር፣ ልክ በፓስፖርቱ ፊደል ይጻፉ። «መሐመድ» መሐሉ ላይ በዲግሪው በአንድ «ኤም»፣ በፓስፖርቱ በሁለት «ኤም» ከሆነ አንድ ሰው መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ያውጡ። የልደት ቀንን ከኢትዮጵያ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲቀይሩ የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ያስታውሱ፤ በቶፍልና በአይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለተማሪ ቪዛ የሚሰጠው ቅጽ) ላይ ያለው የልደት ቀን ካልተገናኘ ቪዛው ላይ ችግር ይሆናል።

«እኛ ሕግ የምናጠናው በአንቀጽ ነው። ኬዝ ማንበብ ላይ እንዴት ልዘጋጅ? ፈተናውስ?» መምህር፣ ከሐዋሳ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርገን እንመልሰው።

በኮንትራት ክፍል የሚነበብ አንድ የቆየ ኬዝ (የፍርድ ቤት ውሳኔ) እንይ፤ ሄመር በሲድዌይ ላይ፣ የኒውዮርክ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ 1891። አጎት ለወንድሙ ልጅ በ1869 ቃል ይገባል፦ እስከ 21 ዓመትህ ካልጠጣህ፣ ትምባሆ ካልነካህ፣ ካልተሳደብክ፣ በገንዘብ ካርታና ቢሊያርድ ካልተጫወትክ 5,000 ዶላር እሰጥሃለሁ። ልጁ ፈጸመ፤ አጎቱም በደብዳቤ አረጋገጠለት። አጎቱ ከሞተ በኋላ የውርስ አጣሪው አልከፍልም አለ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን የተማረ ሰው እጁ ወደ አንቀጽ 1678 ይሄዳል፦ ችሎታ፣ ጉድለት የሌለው ፈቃድ፣ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ ሕግ ሲያዝ ደግሞ ፎርም። ፈቃድ አለ፤ ጉዳዩም ሕጋዊ ነው፤ «ታዲያ ክርክሩ ምኑ ላይ ነው?» ይላል። ክርክሩ 1678 ውስጥ በሌለ ነገር ላይ ነው፤ ኮንሲደሬሽን፣ ማለትም ለቃሉ በአጸፋ የተሰጠ ዋጋ። አጣሪው «ልጁ ጥቅም አገኘ እንጂ ምን ሰጠ?» ይላል። ፍርድ ቤቱ ግን ሊያደርግ መብት ያለውን ነገር መተዉ በቂ አጸፋ ነው ብሎ ፈረደ።

ለክፍል ሲዘጋጁ ከእያንዳንዱ ኬዝ በግማሽ ገጽ አምስት ነገር ይጻፉ፦ ፍሬ ነገሩ፣ ጉዳዩ በየትኛው ፍርድ ቤት እንዳለፈ፣ ጭብጡ፣ ውሳኔውና ምክንያቱ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ፍሬ ነገሩ አንድ ነጥብ ቢቀየር ውጤቱ ይቀየራል? ልጁ በዕድሜው ምክንያት ሲጋራ ማጨስ በሕግ የተከለከለ ቢሆንስ? መምህሩ ስም ጠርቶ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ተሳስተው ቢመልሱ ነጥብ አይቀነስብዎትም፤ ክርክሩ ውስጥ መግባትዎ ነው የሚፈለገው።

የመጀመሪያው ወር የንባብ ፍጥነት ያስደነግጣል። ለአንድ ክፍል 25 ወይም 30 ገጽ መታዘዙ የተለመደ ነው። ኬዝ ቡኩ (የተመረጡ ኬዞች የተሰበሰቡበት መማሪያ) ከ200 ዶላር በላይ ይሸጣል። ቤተ መጻሕፍቱ ለሁለት ሦስት ሰዓት የሚያውሰው ቅጂ አለው፤ ያለፈውን እትም በርካሽ መግዛትም ይቻላል፤ የገጽ ቁጥሩ ግን ስለሚለያይ ንባቡን በኬዝ ስም ይከታተሉ።

ፈተናው በሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ በብዙ ኮርስ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰዓት፣ መጽሐፍ ከፍቶ፣ ስም ሳይጻፍ በቁጥር ነው። ጎበዝ ሰዎች የሚወድቁበት ነጥብ ይታወቃል፦ ሕጉን አሳምረው ይጽፋሉ፣ ታሪኩን ይደግማሉ፣ ነጥብ የሚሰጥበትን ነገር ይተዋሉ። ነጥቡ ያለው ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር ማገናኘት ላይ ነው። «አጎቱ በደብዳቤ አረጋግጧል፣ ስለዚህ...» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሦስት መስመር የሕግ ትርጉም ይበልጣል። ሁለቱም ወገን የሚሉትን ይጻፉ፤ መደምደሚያዎ ከመምህሩ ቢለይም ነጥብ ያገኛሉ። መጽሐፍ ከፍቶ መፈተን አያዘናጋዎት፤ ገጽ ለማገላበጥ ጊዜ የለም። ኮርሱን በራስዎ ቃል 40 ገጽ ያህል ያሳጥሩ፣ ከዚያ ሁለት ገጽ ያድርጉት። ያለፉ ዓመታትን ፈተናዎች ቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጣል፤ ቢያንስ ሁለቱን ሰዓት ይዘው ይሥሩ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ተማሪ ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ጥያቄው ግን በሴሚስተሩ መጀመሪያ መቅረብ አለበት።

«ሜሪላንድ ያለ አጎቴ ምግብ ቤት ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ብሠራስ?» ከመቀሌ

አይሥሩ። በኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ትምህርት እየተካሄደ የሚፈቀደው በግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። በጥሬ ገንዘብ መከፈሉ፣ ቤቱ የዘመድ መሆኑ ለውጥ አያመጣም፤ ያለ ፈቃድ መሥራት ሕጋዊ የተማሪነት ሁኔታዎን ያሳጣዎታል። በገንዘብ ችግር ምክንያት ከግቢ ውጭ የመሥራት ፈቃድ የሚገኘው ከአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በኋላ ስለሆነ ለኤልኤልኤም ተማሪ አይደርስም። ያለው አማራጭ ለመምህር የምርምር ረዳት መሆን ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሥራት ነው፤ ማስታወቂያው የሚወጣው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው።

«ለገና አገር ቤት ሄጄ መመለስ እችላለሁ?»

ፈተናው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስለሚያልቅ ጊዜው ይበቃል፤ ችግሩ ቪዛው ነው። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ ገብተው ታኅሣሥ ላይ ከወጡ ለመመለስ አዲስ ቪዛ፣ አዲስ ቀጠሮና አዲስ ቃለ መጠይቅ ያስፈልግዎታል፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ደግሞ ጥር ላይ ይጀምራል። ቪዛው ጊዜው ቢያልፍም አሜሪካ ውስጥ መቆየትዎን አይነካም፤ ቆይታዎን የሚወስኑት አይ-20ና የመግቢያ መዝገብዎ ናቸው። እኛ አይሂዱ እንላለን።

«ኦፒቲ መቼ ልጠይቅ? የባር ፈተናም እያጠናሁ ነው።» ከቦስተን

ኦፒቲ ኤፍ-1 ተማሪ ከትምህርቱ በኋላ በሙያው እንዲሠራ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ማመልከቻው ትምህርቱ ከሚያልቅበት ቀን 90 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ካለቀ በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ መድረስ አለበት። የትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በአይ-20 ላይ ድጋፉን ከጻፈበት ቀን ደግሞ ከ30 ቀን መብለጥ የለበትም። ይህንን 30 ቀን የሚረሱ አሉ፤ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል።

ወሳኙ ግን የመነሻ ቀን ምርጫው ነው። ኦፒቲው ከተጀመረ በኋላ ያለ ሥራ የሚቆዩት በድምሩ ከ90 ቀን እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ ለባር ማጥናት ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ካስጀመሩት፣ ፈተናው ሐምሌ መጨረሻ ሲያልቅ ከ60 ቀን በላይ ተቆጥሮብዎታል። መነሻ ቀኑ ትምህርቱ ካለቀ እስከ 60 ቀን ድረስ ሊገፋ ይችላል፤ ለባር የሚቀመጥ ሰው ወደ መጨረሻው ቢያቀርበው ይሻላል። ያለ ክፍያ በሕግ ሙያ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት መሥራትም እንደ ሥራ ይቆጠራል።

«ስኮላርሺፔ ላይ ገንዘብ ተቆረጠብኝ፤ ስህተት ነው?» ከሚቺጋን

ላይሆን ይችላል። ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የተሰጠው ግብር የለበትም። ለቤት ኪራይና ለምግብ የተሰጠው ግን ገቢ ነው፤ ከኤፍ-1 ተማሪም 14 በመቶ ይቆረጣል። ተመላሽ ካለዎት የሚያገኙት ቅጽ 1040-ኤንአር (ለግብር ነዋሪ ያልሆነ ሰው የግብር ማስታወቂያ) ሲያስገቡ ነው። ጊዜው እስከ ሚያዝያ 15 ነው። ለነዋሪዎች የተሠሩት የታወቁ የግብር ሶፍትዌሮች ይህን ቅጽ አያወጡም፤ ሳያውቁ የነዋሪ ቅጽ የሚልኩ ተማሪዎች አሉ። ምንም ገቢ የሌለው ተማሪም ቅጽ 8843 ያስገባል፤ ለእሱ ጊዜው እስከ ሰኔ 15 ነው።