ሁለተኛውን ጥያቄ ይዛችሁ ተመለሱ፦ ለጅማ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሠላሳ ሁለት ዓመት ጅማ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንቱ ወጣት ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ "የቤተሰቤን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ይኖራል?" ብሎ ጠይቆኛል። እኔም መልሼ የምጠይቀው ሁሌ አንድ ነገር ነበር። "ከቤታችሁ በዕድሜ ትልቁ ማነው? ቁጭ ብለህ አናግረኸዋል?" አብዛኛው ዝም ይላል።

መጽሐፉ የዛሬ ዓመትም መደርደሪያው ላይ ይኖራል። አያታችሁ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ጀምሩ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ግቡ። ከዚያ ደግሞ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። ብዙ ሰው ይህችን ሦስተኛዋን ይረሳታል። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። አባቴ ከሸዋ ለቡና ንግድ መጥቶ ጅማ የቀረ ሰው ነው። እናቴ የጅሬን ኦሮሞ ናት። የእናቴ ታላቅ እህት "የተወለድኩት ጣሊያን የገባ ዓመት ነው" ትለን ነበር። እኔ ወዲያው ደብተሬ ላይ 1928 ብዬ ጻፍኩ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 እንደሆነ ማን የማያውቅ አለ?

ከዓመታት በኋላ ስለ ወረራው ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። የጣሊያን ጦር ጅማ የደረሰው ያ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ዘመኑ 1929 ከሆነ ወዲህ ነው። አክስቴ አዲስ አበባን አይታት አታውቅም። ለእሷ "ጣሊያን ገባ" ማለት ጅማ ገባ ማለት ነው። መውጣቱም እንዲሁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲመለሱ ጅማ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ነፃ የወጣችው ሰኔ 14 ነው።

ይሄን ይዤ ተመለስኩ። ቡና እያፈላች ነበር። "ስትወለጂ ክረምቱ ወጥቶ ነበር? ቡናው ደርሶ ነበር?" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "እናቴን ምጥ የያዛት እኮ ቡና ለቀማ ላይ ሳለች ነው" አለች። የእኛ አገር ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ልደቷ 1929፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ነው። ከዚያ ማን እንዳዋለዳት፣ ማሳው የማን እንደነበር፣ እናቷ ስንት ቀን እንደተኛች አንድ በአንድ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን በልቧ ይዛው ኖራለች። የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው። እኔም ብሆን ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ መጀመሪያ ማንበብ ነበረብኝ።

ስለ ስም ደግሞ ስሙኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። የእናቴን አባት አገር ሁሉ የሚያውቃቸው በፈረስ ስማቸው ነበር። ሞተው ሣጥናቸው ሲከፈት የተገኘው የመሬት ግብር ደረሰኝ ላይ ያለው ግን ሌላ ስም ነው። ለብዙ ወራት የሌላ ሰው ወረቀት እየመሰለኝ ወደ ጎን ስተወው ከረምኩ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር እንኳ የተወለዱበት ስም ቱሉ ነው። አባ ጅፋር የፈረስ ስማቸው ነው። ሸዋም ይሄ ልማድ አለ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ስታናግሩ "ስማቸው ማን ነበር?" ብላችሁ አታቁሙ። "የፈረስ ስማቸውስ? ቤት ውስጥ ማን ይባሉ ነበር? ሲሰልሙ ወይም ክርስትና ሲነሱ ስም ለውጠዋል?" በሉ። የአያቶችንም ስም በእናት በኩል ጭምር ጻፉ። እኛ ቤተሰብ የሚጠራበት አንድ ስም የለንም። በአባትና በአያት ስም ነው የምንሄደው። ስለዚህ የእናት ወገን በሁለት ትውልድ ውስጥ ከወረቀት ላይ ይጠፋል። ካልጻፋችሁት ማንም አይጽፍላችሁም።

አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንግባ።

"ጅማ" ብላችሁ ብቻ አትፈልጉ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ለረጅም ዘመን ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ብዙ የድሮ ጽሑፍ የተመዘገበው "ከፋ" በሚለው ስር ነው። ገበያውን "ሂርማታ" ብላችሁም ፈልጉ። የፈረንጅ መጻሕፍት የከተማዋን ስም አንዴ በጄ፣ አንዴ በጂ፣ አንዴ በዲ ያስጀምሩታል፤ ሁሉንም ሞክሩ። አሮጌዎቹ መጻሕፍት ኦሮሞን በስድብ ስም ይጠሩታል። ስታዩት አትደንግጡ። መረጃውን ውሰዱ፣ ስሙን ግን ወደ ደብተራችሁ አታምጡት።

ከመደርደሪያው ሁሉ ግን እኔ የማደላው ለተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የታሪክ ተማሪዎች ስለዚህ አካባቢ የጻፉት አለ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ያስቀምጣል። ብዙ አንባቢ የሚያየው መግቢያውን ነው። እናንተ ግን ከመጨረሻው ጀምሩ። እዚያ መረጃ የሰጡ ሽማግሌዎች ስም ዝርዝር አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገሩበት ቦታና ቀን ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ጋዜጣም አትርሱ። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ የወጣ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ገብቶ እንዲያይላችሁ ንገሩት። ግን "ስለ ጅማ ያለውን ሁሉ" አትበሉ፤ ዓመቱንና ወሩን ስጡት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ቢሆን የሚረዳችሁ ጥያቄያችሁ ቦታና ዘመን ሲኖረው ነው።

የልደት የምስክር ወረቀት ፍለጋ ግን ብዙ ጊዜ አታባክኑ። በአገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ገደማ ነው። ለአያቶቻችሁ ዘመን የሚሻለው ሌላ ነው። የክርስትና መዝገብ፣ የኒካ ወረቀት፣ የዕድር ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ በደርግ ጊዜ የተሰጠ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት። ይህን የመጨረሻውን ሴት አያቶች ሣጥን ውስጥ ፈልጉት። ለብዙዎቹ ስማቸው ሙሉ በሙሉ የተጻፈበት የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው።

ወረቀት ስታገኙ ቀኑን እንዳለ ገልብጡ። የእኛ ዓመተ ምሕረት፣ የፈረንጆቹ እና ሂጅራ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተደባልቀው ታገኛላችሁ። የሂጅራው ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ዝም ብሎ የተወሰነ ቁጥር በመቀነስ አይገኝም። ሂሳቡን ከጎኑ በእርሳስ ሥሩ። ፎቶ ጀርባ ላይም በእስክሪፕቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል።

አንድ የሚያመኝን ነገር ልናገር። አንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሲቀይር አሮጌ መዝገቦቹን በጆንያ አውጥቶ ጣለ። እኔ የሰማሁት ሱቅ ውስጥ በርበሬ ተጠቅልሎ ሲሰጠኝ ነው። ወረቀቱ ላይ በእጅ የተጻፈ የሰዎች ስም ነበር፣ ከነአባታቸው ከነሰፈራቸው። ባለሱቁን ለምኜ የተረፈውን ገዛሁት። ዐሥራ አራት ገጽ ነበር። የቀረው የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። እናንተ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ካሜራ አለ። የዕድሩን ዳኛ አስፈቅዳችሁ ደብተሩን ፎቶ ለማንሳት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እባካችሁ አንሱት።

ሌላም አለ፣ እሱን በቀስታ ነው የምነግራችሁ። አንዳንድ ቤት የአባት ቆጠራው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ቀጥ ይላል። ትልልቆቹ ወሬ ይለውጣሉ። ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የባሪያ ገበያም ነበረች። ከሩቅ አገር በልጅነታቸው ተሸጠው የመጡ፣ ስማቸው የተለወጠ፣ እዚሁ የቀሩ ብዙ ናቸው። የሻጮቹና የገዢዎቹም ልጆች እዚሁ አብረውን አሉ። ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ በ1934 ወጣ፤ ዝምታው ግን እስከ ዛሬ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሱ አያታችሁን አታስጨንቁ። ጠይቃችሁ ዝም ካሉ ዝም በሉ፣ ሌላ ቀን አጠገባቸው ተቀመጡ። የነገሯችሁንም ሳያስፈቅዱ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነውር ነው። የቤተሰብ ክብር ከመረጃ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ፤ በሥራ ላይ እያለሁም የምለው ይህንኑ ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ መጣ። የእናቱ አባት የሞቱት እሱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ቤት ውስጥ የሚያውቁት ሽማግሌው "ከጊቤ ማዶ መጡ" የሚለውን ብቻ ነው። ስለ ሰፈሩ የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አወጣሁለትና "ከኋላ ጀምር" አልኩት። ጣቱን በዝርዝሩ ላይ እያንቀሳቀሰ ሄደ። ከዚያ ቆመ። የአያቱ ስም፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሚል ዕድሜ፣ የገዛ ሰፈሩ ስም። ውስጡን ስንገልጥ ሽማግሌው የተናገሩት ሦስት መስመር ተጠቅሷል። በስንት ዓመታቸው፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው መልካ ጊቤን እንደተሻገሩ ይላል።

ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ገጹን ፎቶ አነሳ። ወጣ፣ በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

"ይሄን የጻፈው ሰው አያቴን ሲያናግር ካሴት ላይ ቀድቶት ይሆን እንዴ?"

አላውቅም አልኩት። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ፣ የታሪክ ትምህርት ክፍሉ በር ገና ሳይከፈት ደብተሩን ይዞ እዚያ ቆሞ አየሁት።