ከደረጃው ሥር የነበረው ከረንቡላ ቤት

ባለፈው ሳምንት ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ቤቲንግ መተው አቃተኝ። ሰው እንዴት ነው ቆራጥ የሚሆነው?" አለኝ። ደሞዙ በወጣ በሳምንቱ ያልቃል። በእናቱ ምሎ ነበር፤ ሦስት ቀን አልቆየም። ቶሎ አልመለስኩለትም። የራሴን ነገር አስታወሰኝ።

1986 ዓ.ም. ነው። የ26 ዓመት ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ቢሮአችን ቸርችል ጎዳና፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ወረድ ብሎ። እኔና አንድ ጓደኛዬ ኮሜርስ የማታ ኤክስቴንሽን አብረን ተመዘገብን። እሱ የሚኖረው ኮልፌ ነው። እኔ ፒያሳ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። የሰማን ሁሉ "አንተስ ቅርብ ነህ፣ የሚቸገረው እሱ ነው" ይል ነበር።

ከሥራ ወጥተን ክፍል እስክንገባ አንድ ሰዓት አለን። እሱ ኮልፌ ደርሶ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ደብተሩን ጠዋት ይዞ ይመጣል፤ ከቢሮ እንደወጣ ዳቦና ሙዙን እየበላ ቁልቁል ይወርዳል፣ በብሔራዊ ቴአትር አድርጎ ሰንጋ ተራ። እኔ ግን ቤቴ ቅርብ ነው። ሽቅብ ወጥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ደብተሬን ይዤ እመለሳለሁ እላለሁ።

ከደረጃዬ ሥር ከረንቡላ ቤት ነበር። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ጥጉ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ኳስ ከኳስ ሲጋጭ ድምፁ ክፍሌ ድረስ ይሰማል። የቤቱ ልጅ ገና ሲያየኝ እንጨቱን ጠመኔ ቀብቶ ያቀብለኛል። "አንድ ጌም ብቻ" እላለሁ። ቀና ስል መሽቷል። ደብተሬ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ሰኞ ሰኞ እምል ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ትምህርቱን ተውኩት።

ጓደኛዬ ሲመረቅ ኮልፌ ሄድኩ። እናቱ ድፎ ዳቦ ቆርሰው እየሰጡኝ "አንተስ ልጄ፣ መቼ ነው?" አሉኝ። ዳቦውን ይዤ ቀረሁ። የእሳቸው ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በኋላ ኪራይ ጨመረብኝና ሽሮ ሜዳ ገባሁ። ከረንቡላው ሳልምል፣ ሳልገዘት ቀረ። ትምህርቱን የጨረስኩት ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ልጅ ታቅፌ ነው። ጓደኛዬን የረዳው የቤቱ መራቅ እንደነበር የገባኝም ያኔ ነው።

የእናንተ የዛሬ ልጆች ከረንቡላ ቤት ትራሳችሁ ሥር ያለው ስልክ ነው። ድሮ ለቤቲንግ ቢያንስ ተነስቶ መሄድ፣ ተሰልፎ ቲኬት መቁረጥ ነበር። አሁን ተኝታችሁ ነው። ስለዚህ ልጁን "ቆራጥ ሁን" አላልኩትም። አፑን አጥፋው፣ ከፈለግክ በእግርህ ሂድ አልኩት። ስልኩን አልጠላም። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ የቢሮአችን እቁብ ሲዘገይ አላየሁም፤ ድሮ "ብር ረሳሁ" የማይል አልነበረም።

ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። መንገዱ እንዲህ ሰፍቶ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመሄድ ታክሲ ትጠብቃላችሁ። ድካም አትወዱም። ጓደኛዬም እኮ ማታ በሦስት ሰዓት ኮልፌ የሚያደርሰው አውቶቡስ ላይ ቆሞ የሚያነበው በጉልበቱ ነው። ቁርጠኝነት ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። የእኔን ግን ያን ደረጃ ስወጣ በየቀኑ ጨረስኩት።

ቤቱ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። በዚያ ሳልፍ ደረጃው የቱ ጋ እንደነበር በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ልጁን እቁባችን ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ጸሐፊዋ ደሞዝ በወጣ ዕለት፣ ከምሳ በፊት ጠረጴዛው ጋ ትመጣለች።